የአባባ ሸረፋ እጅ ያረፈበት ችግኝ

ቡታጅራ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ሙዝደሊፋ ሸረፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ያ የሪያድ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትዎ አባባም እናቴም ደህና ናቸው። ላሚቱ ጡቷ አብጦ አስጨንቃን ነበር፣ ለእሷም አላህ ደረሰላት።

“ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው?” ይሉኝ ይሆናል። አጎቴ፣ የኛ ቤት ስልክ እኮ የሁሉም ነው። እርስዎ ሲደውሉ አባባ “ድምፁን ልቀቂው” ይላሉ፣ እናቴ ከጓሮ ትሮጣለች፣ ጎረቤትም ሰላም ልበል ብላ ትገባለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል “ፈርቻለሁ” ማለት አይቻልም። ስለዚህ በወረቀት እየጻፍኩ፣ ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ። አርብ ስልክዎን ሲከፍቱ ያነቡታል። አባባ ማንበብ ስለማይችሉ ቢያዩትም ግድ የለም።

ላስቲክ ቤቱ ቆሟል! ርዝመቱ ሃያ እርምጃ፣ ወርዱ ስምንት። የባህር ዛፉን ምሰሶ የጎረቤት ልጆች ተከሉልኝ፣ እርስዎ የላኩትን ላስቲክ ደግሞ እኔና እናቴ ጣሪያ ላይ ስንጎትት ዋልን። ከሩቅ የሰርግ ዳስ ነው የሚመስለው። አንዲት ባልቴት ቆም ብለው “ከድጄ፣ እሰይ፣ ማንን ልታገቢ ነው?” ቢሉኝ “ሙሽራዋ በርበሬ ናት” አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ነገሩ እንዳወራነው ነው። የማረቆና የመስቃን ገበሬ የበርበሬ ችግኙን ሜዳ ላይ እያፈላ ግማሹን ፀሐይ፣ ግማሹን በረዶና ትል ይበላበታል። እኔ በላስቲክ ቤት አሳድጌ፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ለመተከል የደረሰ ችግኝ እሸጥላቸዋለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን አጎቴ፣ ገበያ ውስጥ ስምንት ዓመት በርበሬ የሸጥኩበትን መደብ ለሌላ ሴት ለቅቄያለሁ። ይህ ካልሆነ የምመለስበት የለኝም። ንፋስ በተነሳ ቁጥር ላስቲኩ ሲንኳኳ ልቤ አብሮ ይንኳኳል። እናቴ “በገዛ እጅሽ መከራ ገዛሽ” ትለኛለች። እባክዎ የሚያውቁትን ሁሉ፣ አንድ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ከድጄ

*

ሪያድ አቅራቢያ፣ አርብ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለከድጄ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ለዒዱም በሰላም ያድርሰን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፎቶውን አስፍቼ ጣሪያውን ሳየው አንድ ቦታ ላስቲኩ ረግቦብሻል። ውሃ ያቁርና ይቀደዳል። ዛሬውኑ ወጥሪው።

አሁን አድምጪኝ። አሥራ ሦስት ዓመት በላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲም ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የማወራው ከመጽሐፍ አይደለም። እኛ ዘንድ በሩ ላይ ሕጉ የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሁለት በር ይኑርሽ፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። በሁለቱ በሮች መሀል ኖራ የተበጠበጠበት ገንዳ አስቀምጪ፣ የሚገባ ሁሉ እግሩን ይንከር። የማሳ አፈር ወደ ውስጥ አይግባ። ለውስጥ ብቻ የምትለብሺው ልብስ ይኑርሽ። ውሃ ጠዋት ነው፣ ማታ አይደለም። የታመመ ቅጠል ካየሽ አውጥተሽ አቃጥይው፣ አጥር ሥር እንዳትጥዪው። ሰባተኛው፣ ወሬ ለማየት የመጣ ሰው ውጭ ሆኖ ያውራ። ሰባቱ እነዚህ ናቸው፣ ሌላ የለም።

አንድ ነገር ግን ከሕግ በላይ አደራ እልሻለሁ። ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ አባቴን አስገቢውና እጁን ያሳርፍበት። በኛ ቤት አባቴ እጁን ሳያሳርፍበት ዘር ከደጅ ወጥቶ አያውቅም። ሳይመረቅ የወጣ ነገር ምን እንደሚሆን ለማወቅ እኔን ማየት ይበቃል። ያኔ ወደዚህ ስሰደድ ሳልነግረው፣ ጉልበቱን ሳልስም ነው የወጣሁት። እስከ ዛሬ በስልክ “ሰላም ነህ? ጤና ነህ?” ይለኝና ስልኩን ለእናትሽ ያቀብላል። ስሜን ጠርቶ አያውቅም። ቢያንስ በላኩት ላስቲክ ሥር እጁ ይረፍ። ስለ እኔ ይጠይቃል ወይ? እውነቱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ ሙዝደሊፋ

*

ቡታጅራ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሙዝደሊፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ እርስዎን በጤና ያቆይልን፣ እኛንም እንዲህ ደስ የሚል ወሬ አያሳጣን። “ሰው አይግባ” ይሉና ወዲያው “አባቴን አስገቢ” ይላሉ፣ ሕጉን እርስዎው አወጡ እርስዎው ሻሩት። ይሁን፣ የታዘዝኩትን ፈጽሜያለሁ።

ችግኙን ቢያዩት! ስድስት ረድፍ ነው፣ በየረድፉ አሥር አሥር የችግኝ ትሪ፣ ሁሉም አራት አራት ቅጠል አውጥቶ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሏል። ቅዳሜ ጠዋት አባባን ልጠራ ስሄድ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ከጓሮ የደረቀውን ትምባሆ በጣታቸው እየፈረፈሩ የሚያጨሱባትን ጋያቸውን ሊሞሉ ነበር። “ተነሱ፣ ቀኑ ዛሬ ነው” ስላቸው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ተነሱ። ጋያዋን በር ላይ አስደገፍኳት። ኖራው ውስጥ እግር ይንከሩ ስላቸው “ከመስጊድ በር ባስሽ እኮ አንቺ ልጅ!” ብለው ሳቁ፣ ግን ነከሩ።

ከዚያ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመሩ። ዱዓ እያደረጉ በመዳፋቸው የቅጠሎቹን ጫፍ ዳበስ፣ ዳበስ፣ ትሪ በትሪ። የሰው ልጅ ፀጉር የሚዳብሱ ነው የሚመስለው። መሀል ላይ ቀና ብለው “ይህን ላስቲክ የላከው እሱ ነው?” አሉኝ። “እሱ ማን?” አልኳቸው፣ ስምዎን ላስጠራቸው ብዬ። “እሱ ነዋ!” ብለው ወደ ዳበሳቸው ተመለሱ። እውነቱን ጻፊ ስላሉኝ ነው፤ ስም አልጠሩም፣ ጠይቀዋል ግን።

በዚህ መሀል ባልቻ የሚባል የማረቆ፣ የቆሼ ከተማ ገበሬ ከነጭቃው በሩን ሊገፋ ደረሰ። እሱን ለማስቆም ወጣሁ። ላስቲኩ ላይ ግንባሩን ለጥፎ እያየ ሲያደንቅ ቆየ። ስመለስ አባባ መውጫው ጋ ቆመው “ጨርሻለሁ፣ ሁሉንም ነክቻለሁ” አሉ። ባልቻ ይህን ሲሰማ “እኔ የሽማግሌው እጅ ያረፈበትን ነው የምወስደው፣ ሌላ አላውቅም!” ብሎ ስሙን አስመዘገበ። ወሬው ቆሼ ገባ፣ ቡኢ ድረስም ሄደ። ዛሬ ሠላሳ አንድ ገበሬ ተመዝግቧል። የሚወስዱት ሰኔ 24 ነው። ዘንድሮ አብዛኞቹ የራሳቸውን ዘር እንኳ አላፈሉም፣ “አንቺን ብለን ነው” አሉኝ። ይህች ቃል ደስ አሰኘችኝ፣ አስፈራችኝም።

ከድጄ

*

አርብ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ከድጄ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ቃል ግን አጠረኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። “ይህን ላስቲክ የላከው እሱ ነው?” አለ? እንደዚያው አለ? በምን ድምፅ ነው ያለው፣ ተቆጥቶ ነው ወይስ እንዲሁ?

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የአባቴን እጅ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ፊቱን አይደለም፣ እጁን ብቻ። ለዓረፋ ሰው ሁሉ ከመርካቶ ሲገባና ቤቱ ሲሞላ እኔንም እንዳልረሳችሁኝ ልቁጠረው።

አጎትሽ

*

ቡታጅራ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሙዝደሊፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንኳን ለዒደል አድሐ በሰላም አደረሰዎ። ፎቶውን አባባ እምቢ አሉ፣ “እጅ ምን ይታያል?” ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት።

አጎቴ፣ የምጽፍልዎ ግን ስለ በዓል አይደለም። የዓረፋ ማግስት እንግዳው ሁሉ ሥጋው ላይ እያለ ውሃ ላጠጣ ገባሁ። የመጀመሪያው ረድፍ፣ ሦስተኛው ትሪ ላይ አንድ ቅጠል ዥጉርጉር ሆኖ አየሁ፤ አንዱ ጎኑ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ጫፉ ተጨማዷል። ማዳበሪያ አንሶት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ትናንት ዘጠኝ ትሪ ሆነ። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው ረድፍ ጀምሯል። ኖራው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

በሽታ የሚያመጣ ነጭ ዝንብ አላየሁም፣ ዝንብ እንዳይገባ ጎኑ ላይ የወጠርኩት መረብም አልተቀደደም። ሰባቱንም ሕግ ጠብቄያለሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሁሉም “የታለ የበርበሬሽ ዳስ?” እያለ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ባልቻ ለበዓሉ ደውሎ “ልጆቼ እንዴት ናቸው?” አለኝ፣ ችግኞቹን ማለቱ ነው። “ደህና ናቸው” አልኩት። ወላሂ ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

የቅጠሉን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ ያውቁታል። ምንድን ነው? የፊታችን አርብ ይመልሱልኝ፣ በአላህ።

ከድጄ

*

ቡታጅራ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አርብ ዕለት አንብበውታል። ማንበብዎን የሚያሳየው የቴሌግራሙ ሁለት ምልክት ታይቶኛል። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዤ ጠበቅኩ፣ አልጻፉም። ሥራ በዝቶብዎት ነው ብዬ ነበር። ቀጥሎ ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። አሁን ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው፣ እሱም ያስፈራኛል።

ቅዳሜ ሦስት የታመሙ ቅጠሎች በፌስታል ቋጥሬ ወልቂጤ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ፌስታሉን ጉያዬ ውስጥ ይዤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ “ጫት ነው?” ሲለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እዚያ ናዝሬት የምትባል የተክል በሽታ የምታውቅ ሴት አለች ብለውኝ ነው የሄድኩት። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ አገላበጠችው። ስለ ዝንብ አልጠየቀችኝም፣ ስለ ውሃም አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ ያለችኝ ይህንን ነው፦ “ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ገብቶ ነክቶታል?”

አጎቴ፣ ዓለም ዞረብኝ።

የትምባሆ ቫይረስ ነው አለችኝ። ደርቆም አይሞትም፣ ጣት ላይ ይቀመጣል፣ ጣት በርበሬን ሲነካ ይሻገራል። መድኃኒት የለውም። ማሳ ከገባ ከቅጠል ቅጠል፣ ከእጅ እጅ እያለ የጎረቤቱንም ይይዛል፣ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ገበያ አያወጣም። “ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ በእጅሽ ነክተሽዋል?” አለችኝ። አልነካሁም፣ በማጠጫ ብቻ ነው አልኳት። “ሰውየው ስንቱን ነካ?” አለች። “ሁሉንም” አልኳት። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ምልክት የለም ብላት “የሚታየው በየተራ ነው፣ ሁሉንም ከነካ ሁሉንም አቃጥይ” አለችኝ።

ሠላሳ አንድ ቤት ነው አጎቴ። የራሳቸውን ችግኝ ሳያፈሉ እኔን ያመኑ። ብሰጣቸው አጠፋኋቸው፣ ብከለክላቸውም ባዶ ማሳ ይዘው ቀሩ። ከዚያ ደግሞ አባባ አሉ። መንደሩ ሙሽራ የሚያስመርቀው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው በዚያ እጅ ነው። ነገ “የሸረፋ እጅ የነካው ደረቀ” ቢባል አባባ ምን ይሆናሉ? እሳቸውን ሳያቸው እንባዬ ይመጣና ጭስ ነው እላለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት በላስቲክ ቤት ሠርተው ይህን አያውቁም ነበር? ይንገሩኝ።

ከድጄ

*

አርብ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

አላህ አንቺን ከክፉ ይጠብቅ፣ እኔንም ይቅር ይበለኝ።

አውቅ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው ሕግ ሰባት አይደለም፣ ስምንት ነው። ስምንተኛው በቀይ ቀለም ነው የተጻፈው፦ ትምባሆ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ አይግባ። እኔ ራሴ ሲጋራ የተውኩት በዚህ ሕግ ነው። ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሰባተኛው ላይ ደርሼ እስክሪብቶዬ ቆመ። ይህን ብጽፍ አባቴ በር ላይ ይቆማል። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌን “እጅዎ ቆሽሿል፣ ይታጠቡ” የሚለው ማን ነው? አንቺ አትደፍሪም፣ እኔም እንዳንቺው አልደፍርም። አንድ ቀን ቢነካ ምን ይመጣል ብዬ “ሌላ የለም” ብዬ ዘጋሁት። እጁ የኔ ነገር ላይ አንዴ እንዲያርፍ ፈልጌ ነው። ባለፈው አርብ ፎቶውን ሳየው ወዲያው አወቅኩት፣ ጣቴ ግን መጻፍ እምቢ አለኝ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ለአባቴ እንዳትነግሪው። ይሞታል። ከዘሩ ነው በይ፣ ዘር የሸጠልኝ ሰው አታሎኝ ነው በይ። ወይም ያልታየበትን መርጠሽ ዝም ብለሽ ስጪ። ዝናብ ሲያገኝ ያገግም ይሆናል፣ ማሳ ላይ ከታመመ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? ልጄ፣ ሌላ መንገድ አይታየኝም፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ሙዝደሊፋ

*

ቡታጅራ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አያገግምም። ናዝሬት ደግማ ደጋግማ ነው የነገረችኝ። ዘር የሸጠልኝ ሰውዬ ደግሞ አራት ልጆች አሉት፣ ያላጠፋውን አጥፍቷል ብዬ ስሙን ገበያ ላይ አልጥልም።

ልቆጣዎት ፈልጌ ነበር፣ አንጀቴ ግን አልቆረጠልኝም። እኔስ ትምባሆ ሲፈረፍሩ አይቼ “ይታጠቡ” ለማለት አፍሬ ዝም አላልኩም? ሽታው እኮ አፍንጫዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ሁለታችንም አፍረን ነው ያጠፋነው።

ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። ምግብ አልወርድ ብሎኛል፣ እናቴ “ምን ሆነሻል፣ ወባ ይዞሽ ነው?” ትላለች። ለአባባ ልነግራቸው ነው። እንዴት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ዛሬ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ስለ ላሚቱ አወራሁ።

ከድጄ

*

አርብ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከድጄ፣

ልክ ነሽ። እኔ የጻፍኩት የፈሪ ደብዳቤ ነው።

ስትነግሪው ብቻ፣ ጥፋቱ የእጁ እንዳይመስለው። ደብዳቤዎቼን በሙሉ አንብቢለት። ስምንተኛውን የደበቀው እሱ ነው በይው። ከተቆጣ በኔ ይቆጣ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።

ሙዝደሊፋ

*

ቡታጅራ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ሙዝደሊፋ ሸረፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሳልጽፍ የዘገየሁት ልበቀልዎ ብዬ አይደለም፣ ይጽፋል የሚባል ጣት አልነበረኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 22፣ አባባን ላስቲክ ቤቱ በር ላይ አስቀምጬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የናዝሬትን ጥያቄ፣ ቀጥሎ የእርስዎን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩት ቆዩ፤ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው አስተያየታቸው። እኔ እያለቀስኩ ነው። አሁን ወድቀው ቢቀሩስ እያልኩ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ።

“የትኛው ነው የታመመው?” አሉኝ።

“አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ረድፍ ነው። ከሦስተኛው ወዲያ ገና አልታየም፣ ግን ሁሉንም ስለነኩ . . .”

“አልነካሁም።”

“ምን አሉ አባባ?”

“ከሦስተኛው ወዲያ አልነካሁም። ጉልበቴ ከዳኝ። ምሰሶውን ይዤ ቆሜ፣ የቀረውን በአፌ ብቻ መረቅኩት። ያ የቆሼ ሰውዬ በላስቲኩ እያየኝ ነበር፤ ሽማግሌው ደከመ እንዳይል ብዬ ሁሉንም ነክቻለሁ አልኩ።” ከዚያ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። “አስተግፊሩላህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ” አሉ።

አጎቴ፣ ያኔ የሆንኩትን ልነግርዎ አልችልም። ሮጬ ገባሁ። ተንበርክኬ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን ቅጠል በቅጠል አየሁ። አንድም ዥጉርጉር የለም። አምስት ሳምንት አልፎታል። ለናዝሬት ብደውልላት “እንግዲያ ሦስቱን አቃጥለሽ ሦስቱን ስጪ፣ ለገበሬው ግን ሁሉንም ንገሪ፣ ሦስት ሳምንትም ይከታተሉት” አለችኝ።

የቀረው ለሰዉ መናገር ነው። “እኔ እናገራለሁ” ብላቸው አባባ “አንቺ ዝም በይ፣ የኔ አፍ ነው የዋሸው” አሉ። ማክሰኞ ጠዋት በጋሪም በባጃጅም መጡ፣ ግቢው ሞላ። አባባ በትራቸውን ይዘው ቆሙ። አጎቴ፣ እሳቸው ሳይሆኑ እኔ ነኝ የምወድቀው መስሎኝ ምሰሶውን አቀፍኩ። ስለ ትምባሆው፣ ስለ እጃቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ውሸታቸው ሁሉንም ተናገሩ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ “እጄ ያረፈበትን እሳት ይብላው። እጄ ያላረፈበትን ውሰዱ።”

አንዱ “ታዲያ ያልተመረቀ ልንወስድ ነው?” አለ። አንዱ ደግሞ “ሽማግሌው ላይ ምን ወርዶባቸው ነው?” ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፣ የፈራሁት ቃል ይኸው መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሥራ አራቱ ጋሪያቸውን አዙረው ሄዱ። አልፈርድባቸውም። አባባ ክብሪቱን ራሳቸው ጫሩ። የመረቁት ሠላሳ ትሪ ሲቃጠል ዞር አላሉም።

ባልቻ ነው መጀመሪያ የተጠጋው። ቆቡን አውልቆ ሲያሽ ቆየና “አባባ ሸረፋ፣ ለኔ እንግዲህ ከሩቅ ይመርቁልኝ” አላቸው። አባባ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፣ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣመሩ፣ እንዲያ ሆነው በአፋቸው ብቻ መረቁ። አሥራ ሰባቱም መለሱ፤ ሙስሊሞቹ “አሚን”፣ ባልቻና ሌሎቹ የማረቆ ክርስቲያኖች “አሜን” አሉ። ትሪዎቹን ተከፋፍለው ሄዱ። ለየአንዳንዳቸው የደረሰው ካሰቡት ጥቂት ያንሳል።

ዛሬ አሥራ አምስተኛ ቀኑ ነው። ባልቻ በየቀኑ ይደውላል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር “ደህና ናቸው” እስኪለኝ ድረስ አልተነፍስም። ገና ስድስት ቀን ይቀራል። እፈራለሁ አጎቴ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ስድስት ቀኑ ሲያልፍም የምተወው አይመስለኝም። በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅያለሁ፣ ስምንቱንም ጽፌበታለሁ፣ ስምንተኛውን በቀይ። አባባ ጋያቸውን አልተዉም፣ ስድሳ ዓመት የያዙትን እንዴት ይተዉ? ግን በር ላይ ጃሪካንና ሳሙና ይዘው ይቀመጣሉ፣ ገቢውን ሁሉ ያስታጥባሉ። ትናንት እኔን “ጥፍርሽን አላሸሽም” ብለው መለሱኝ።

ስለ እርስዎ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አላሉም ነበር። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ዛሬ ጠዋት “ያን ስልክሽን አምጪው” አሉኝ። ጃሪካኑን አዘንብለው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው በሳሙና ታጠቡ። አለቀለቁ። ደግመው ታጠቡ። በንጹህ ፎጣ አደረቁና መዳፋቸውን ወደ ፀሐይ ዘረጉት።

“አንሺው” አሉ።

አነሳሁት።

“ለሙዝደሊፋ ላኪለት” አሉ። ስምዎን ጠሩ አጎቴ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። “ሁለት ጊዜ ታጥቤዋለሁ በይው።”

ፎቶው ከዚህ ወረቀት ቀጥሎ ያለው ነው።

የወንድምዎ ልጅ ከድጄ